ከባድና የተበላሸ ሜዳ ይለያያል!

እኔ ከባድ የጎልፍ ሜዳ አልጠላም። ትልቁ የአሜሪካ የጎልፍ ውድድር፣ ዩኤስ ኦፕን፣ ቀላል ይሁን ያለም የለም። ሣሩን አስረዝሙት፣ መንገዱን አጥብቡት፣ ጥሩ! ግን ማክበድና ማበላሸት ለየቅል ነው።

ውድድሩ እ.ኤ.አ. በ2018 የተካሄደበትን ሺነኮክ ሂልስ ሜዳ አስታውሱ። ቅዳሜ ጠዋት ሜዳው ደህና ነበር። ከሰዓት ነፋሱ ሲበረታ ግሪኑ (ጉድጓዱ ያለበት፣ ሣሩ በጣም ያጠረ ቦታ) ደርቆ መስታወት ሆነ። አንዳንዱ ጉድጓድ ደግሞ ቁልቁለት አፍ ላይ ነው የተቆፈረው። ቀስ ተብላ የተነካች ኳስ ጉድጓዱን አልፋ፣ ግሪኑንም ለቃ ትሄዳለች። ተጫዋቹ ፊል ሚክልሰን 13ኛው ጉድጓድ ላይ ገና የምትንከባለል ኳሱን ሮጦ መታት፤ 2 ምት ተቀጣ። ጥፋት ነው፣ አልከራከርም። ግን ሰውየው እዚያ ድረስ እንዴት ደረሰ?

የሚያበሽቀኝ ሌላ ነው። ቶኒ ፊናውና ዳንኤል በርገር ከመሪው 11 ምት ርቀው ጠዋት ወጡ፤ ሁለቱም በ66 ምት ጨረሱ (በጎልፍ ትንሽ ምት የመታ ነው የሚያሸንፈው)። መሪው ደስቲን ጆንሰን ከሰዓት ወጥቶ 77! ማታ ላይ ሦስቱም እኩል ሆነው ቁጭ። ይሄ ውድድር ነው ወይስ የሰዓት ሎተሪ?

አዘጋጆቹ በኋላ፣ አንዳንድ ቦታ ከልክ አልፏል ብለው አመኑ። እሺ። ግን እዚያው ሜዳ ላይ በ2004 የመጨረሻው ቀን 7ኛውን ግሪን በጨዋታ መሃል ውሃ ሲያጠጡ አልነበር እንዴ? በ14 ዓመት ምን ተማሩ? ጉድጓዱን ትንሽ ለጥ ወዳለ ቦታ ማራቅ፣ ውሃውንም ቀደም ብሎ መጨመር ይሄን ያህል ምን ይከብዳል?