ባሕር አያልቅም ለምትሉ

ወገኖቼ፣ አንድ ወጣት «የባሕር ሥነ ሕይወት አጠናለሁ» ሲላችሁ የምታሳዩትን ፈገግታ አውቀዋለሁ። «ዓሣ ቆጥረህ ምን ልታተርፍ?» ትሉታላችሁ። ዓመታት አልፈው ያው ሰው «ዓሣው እያለቀ ነው» ብሎ ሲጮኽ ደግሞ «ሳይንቲስት አይደለህም እንዴ? ፖለቲካ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገህ?» ይመጣል። ታዲያ መቼ ይናገር?

ሰውየው እኮ ሊሟገት ብሎ ባሕር አልገባም። አሜሪካዊቷን የባሕር ሳይንቲስት ሲልቪያ ኧርልን እዩ። እ.ኤ.አ. በ1966 ዶክትሬቷን የያዘችው የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤን ቡናማ አልጌ (ተክል መሰል የባሕር ፍጥረት) አጥንታ ነው። በ1970 ከአራት ሴቶች ጋር ባሕር ውስጥ በተሠራ ቤት ሁለት ሳምንት ተቀመጠች። በ1979 ብረት ለበስ ልብስ አጥልቃ 381 ሜትር ጥልቀት ላይ በባሕሩ ወለል ተራመደች። ይህን ያህል ዘመን የተመላለሰ ሰው የጎደለውን ማየቱ አይቀርም። ዛሬ ዓሣ አትበላም። በ1990 የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር ዋና ሳይንቲስት ሆና ተሹማ ነበር፤ በ1992 ወንበሩን ትታ ወጣች።

ካናዳ በኒውፋውንድላንድ ዳርቻ ኮድ የተባለውን ዓሣ ማጥመድ ያገደችውም በዚያው ዓመት ነው። «ለሁለት ዓመት» የተባለው እገዳ ከ30 ዓመት በላይ ቆየ፤ 30 ሺህ ያህል ሰው እንጀራው ተቋረጠ። በትንንሽ ጀልባ ዳር ዳሩን የሚያጠምዱት ዓሣው ቀነሰ፣ መጠኑም አነሰ ብለው ነበር። ማን ሰማቸው? ትልልቆቹ መርከቦች መረባቸውን ሞልተው ይመለሱ ነበራ! ልብ በሉ፦ ኮድ ሲመናመን የተረፈው አንድ ቦታ ይከማቻል፤ መርከቡ ደግሞ በድምፅ ሞገድ እየፈለገ እዚያው ይደርስበታል። ስለዚህ ባሕሩ እየጎደለ መረቡ እስከ መጨረሻው ገደማ ይሞላል። እናንተም ገበያው ላይ ዓሣ ስላያችሁ ባሕሩ ሙሉ ነው ብላችሁ ትፈርዳላችሁ።

«አሁን ምን ይደረጋል፣ አልቋል» የምትሉት ደግሞ ከሁሉም ትብሳላችሁ፤ ስንፍናችሁን ሐዘን አልብሳችሁታል። በሜክሲኮ ካቦ ፑልሞ ዓሣ አጥማጆቹ ራሳቸው መረባቸውን ሰቀሉ፤ ስፍራው በ1995 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። ከ1999 እስከ 2009 ባለው ጊዜ በስፍራው ያለው ዓሣ ጠቅላላ ክብደት ከአምስት እጥፍ በላይ አደገ። እነዚያ ሰዎች የሚተዉት የዕለት ጉርሳቸውን ነበር። እናንተ ዓሣ ስትገዙ «ከየት መጣ? በምን ተያዘ?» ብላችሁ እንኳ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?