ከቫንኮማይሲኑ በፊት ደም ይቀዳ

በአንገት ካቴተር (ትልቅ ደም ሥር ውስጥ በሚገባ ቱቦ) ኩላሊቱን የሚታጠብ ሰው ማሽኑ ላይ እያለ ብርድ ብርድ ብሎት መንቀጥቀጥ ከጀመረ፣ ሌላ ግልጽ ምክንያት እስኪገኝ ድረስ ተጠርጣሪው ካቴተሩ ነው። መውጫው ላይ መቅላት ወይም መግል ካለ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ባይኖርም ግን ካቴተሩ ነጻ አይወጣም፤ በዚህ ዓይነቱ የደም ኢንፌክሽን ከተያዙት የብዙዎቹ ቆዳ ንጹሕ ነው።

ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አስታማሚው ማዘዣ ይዞ ከጥቁር አንበሳ ዙሪያ እስከ ፒያሳ ፋርማሲ ለፋርማሲ ቫንኮማይሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ ሲያፈላልግ ይውላል። መድኃኒቱ እንደመጣ ይሰጣል። ካልቸር (ደሙን ጠርሙስ ውስጥ አቆይቶ ጀርም ይበቅል እንደሆነ የሚያይ ምርመራ) የሚታሰበው ትኩሳቱ አልበርድ ሲል ነው፤ ያን ጊዜ የተቀዳ ደም ምንም ባያበቅል አይገርምም። በዚያው ማዘዣ ላይ የካልቸር ጠርሙስ መጨመር ምን ያህል ቀለም ይፈጃል?

ደሙ ከሁለት ቦታ ይቀዳል፦ አንዱ ከካቴተሩ፣ ሌላው ከክንድ ደም ሥር፣ በደቂቃዎች ልዩነት፣ ከመጀመሪያው ዶዝ በፊት። (የደም ግፊቱ ለወረደ ታካሚ ደም ሥር ፍለጋ ተብሎ መድኃኒት አይዘገይም።) ለአዋቂ በአንድ ጠርሙስ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ያስፈልጋል። ደም ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ጥቂት ስለሆኑ 3 ሚሊ ሊትር ብቻ ሲላክ ኢንፌክሽኑ እያለ «ምንም አላበቀለም» የሚል ወረቀት ይመጣል። የሁለቱም መጠን እኩል ይሁን። የክንዱ ቆዳ ቤታዲን ከተቀባ 2 ደቂቃ ያህል ሳይነካ ይድረቅ። ብዙ ጊዜ ግን ገና እርጥብ እያለ በጥጥ ተጠርጎ መርፌው ይገባል፤ ስታፊሎኮከስ የሚባለው የቆዳ ባክቴሪያ ጠርሙሱ ውስጥ ይበቅልና ታካሚው ለሌለበት በሽታ ይታከማል። የጠርሙሱ ጎማም በአልኮል ይጠረግ። «ካቴተር»፣ «ክንድ» ተብሎ ከነሰዓቱ ካልተጻፈበት ከሁለት ቦታ መቅዳቱ ከንቱ ልፋት ነው። ጠርሙሱ ፍሪጅ አይገባም።

የካቴተሩ ጠርሙስ ከክንዱ ቢያንስ 120 ደቂቃ ቀድሞ ካበቀለ ምንጩ ካቴተሩ ነው። ይህ የሚሠራው ግን ጠርሙሶቹን ያለማቋረጥ የሚከታተል ማሽን ባለበት ላቦራቶሪ ነው። ጠዋትና ማታ በዓይን በሚታዩበት ቦታ የ2 ሰዓት ልዩነት ከየት ይመጣል? እዚያ ከሁለቱም አንድ ዓይነት ባክቴሪያ መብቀሉና ሌላ ምንጭ መታጣቱ ጠንካራ ፍንጭ ነው። በጥርጣሬ የወጣ ካቴተር ከሆነ የጫፉ 5 ሴንቲ ሜትር በንጽሕና ተቆርጦ ካልቸር ይደረጋል። ምልክት ከሌለው ሰው የወጣን ሁሉ መላክ ግን ገንዘብ ማባከን ነው።

ካቴተሩን ለማውጣት ማመንታት አለ፤ ምክንያቱም ይገባናል። አዲስ ማስገባት ወጪ ነው፣ የታካሚውም ደም ሥር አያልቅም አይባልም። ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የሚባለው ኃይለኛው ዓይነት ወይም ካንዲዳ የተባለው ፈንገስ ከሆነ ግን ድርድር የለም፣ ይወጣል። ጀርሙ ጀበና ውስጥ እንደሚጋገር አተላ በቱቦው ግድግዳ ላይ ስለሚለጠፍ መድኃኒቱ ትኩሳቱን ያበርደዋል እንጂ ጀርሙን አይነቅለውም፤ መድኃኒቱ ሲቆም ትኩሳቱ ይመለሳል። ኦሪየስ የልብ ቫልቭ ላይም ስለሚያርፍ የልብ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ያስፈልጋል። ቀለል ያለው የቆዳ ስታፊሎኮከስ ከሆነና ታካሚው ከተረጋጋ፣ ከቆዳ ሥር አልፎ የገባውን የረጅም ጊዜ ካቴተር ማትረፍ ይቻላል፦ በደም ሥር ከሚሰጠው ሌላ ቱቦው ራሱ በአንቲባዮቲክ እየተሞላ፣ ከ10 እስከ 14 ቀን።

ለኦሪየስ ሕክምናው ቢያንስ 14 ቀን ነው፤ ከተወሳሰበ ከ4 እስከ 6 ሳምንት። ቆጠራው የሚጀምረው ካልቸሩ ንጹሕ ከሆነበት ቀን እንጂ ከመጀመሪያው መርፌ አይደለም። ስለዚህ ሕክምናው በተጀመረ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ውስጥ ሌላ ካልቸር ይላካል። ቤተሰብ «አንዴ ተሠርቷል፣ ለምን እንደገና እንከፍላለን?» ማለቱ አይቀርም። ሐኪሙም ሆነ ነርሷ ያለዚህ ውጤት ቫንኮማይሲኑ የሚቆምበት ቀን በግምት እንደሚሆን ገንዘቡ ከመጠየቁ በፊት ይንገሯቸው።