ኩሬ ዳር ያየነው ሁሉ ሌባ ነው?

ክንፏን እያርገበገበች አየር ላይ ቆማ ድንገት ወደ ውሃው የምትወረወረዋ ጥቁርና ነጭ ዓሣ አጥማጅ ወፍ፣ ዛሬ ጠዋት ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ባለ የዓሣ ኩሬ ላይ በላላ የናይለን መረብ ተጠልፋ ሞታለች። በቃኝ!

እስከ መቼ ነው ኩሬ ዳር ብቅ ያለ እንስሳ ሁሉ በሌብነት የሚፈረድበት? አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ከመጣ ድንጋይ። ትልቁ እንሽላሊት አርጃኖ ከሣሩ ከወጣ ዱላ። ራሱ መዶሻ የሚመስለው ቡናማ ወፍ ዳር ዳሩን ሲራመድ ወንጭፍ። እሱ እኮ አብዝቶ የሚለቅመው እንቁራሪት ነው! ማን ግማሽ ሰዓት ታግሶ ተመለከተው?

አዎ፣ ዓሣ የሚበሉ አሉ። ጥቁሮቹ ጠላቂ ወፎች በመንጋ ሲወርዱ ጉዳቱ እውነት ነው፤ ገበሬው ለዓሣ ጫጩትና ለመኖ ምን ያህል እንደሚያወጣ አውቃለሁ። ግን ቆሮሶ የተባለው የኩሬ ዓሣ በ3 ወር ገደማ መራባት ይጀምርና ኩሬውን ማደግ ባቃተው ጫጩት ይሞላዋል። ባለሙያዎች አምባዛ የተባለውን ዓሣ አብራችሁ ጨምሩ የሚሉት ጫጩቱን እንዲቀንስላችሁ አይደለም? ታዲያ አምባዛ ሲበላው መፍትሔ፣ ወፍ ስትበላው ወንጀል የሚሆነው በምን ሕግ ነው?

መረብ ካስፈለገ ወጥራችሁ፣ ከውሃው ከፍ አድርጋችሁ ዘርጉት፤ በየቀኑም እዩት። የዳሩን ሣር እጨዱ። መረብ ወርውሮ መሄድ ግን ጥበቃ አይደለም፣ ግድያ ነው። ልጆቹስ? ወንጭፉን ያስያዛችኋቸው እናንተ አይደላችሁም?