ብሩ ይቅደም ወይስ ሞተሩ?

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ብዙ ሳይርቅ፣ ጠዋት ጠዋት ፈጢራ የምንበላበት ቤት አለ። ወንበሮቹ ዛፍ ሥር ናቸው። ተቀጣጥረን አንገናኝም፤ ግን አምስት ስድስት ሰው አይጠፋም። ፀሐይዋ ሳትከር ሻሂያችንን ጠጥተን እንበተናለን። ከአራት ሰዓት በኋላ ድሬ ላይ ደጅ ተቀምጦ መከራከር ራስን መቅጣት ነው።

ከሁለት ሳምንት በፊት ግን አራት ሰዓት አለፈና ማንም አልተነሳም። ነገሩን ያመጣው አንድ ልጅ ነው። በሞተር ዕቃ ማድረስ ሊጀምር ብር አጠራቅሟል። አዳማ ያለ ሰው ቴሌግራም ላይ ያገለገለ ቦክሰር ሞተር ለጥፎ አይቷል። ዋጋው 180 ሺህ ብር። እዚህ ከጠየቁት ሁሉ ይቀንሳል። ሻጩ «30 ሺህ ቀብድ አስገባልኝ፣ አይሱዙ ላይ ጭኜ እልክልሃለሁ፣ ሲደርስህ ቀሪውን ትልካለህ» ብሎታል። ልጁ ስልኩን እንደያዘ «ልላክ?» አለን።

«ላክ» ያለው ደላላው ብቻ ነበር። ቤትም፣ መኪናም፣ ሱቅም ያገናኛል። እዚህ ግዢ ውስጥ ግን ኮሚሽን የለውም፤ ስለዚህ ለሆዱ ነው የተናገረው ማለት አልችልም።

«አቦ ነገር አታካብዱ» አለ። «ሰውየው እኮ እሱም አያውቅህም። ምን አይቶ ሞተሩን ይዞ ይጠብቅህ? ዛሬ ካልላክህ ነገ ሌላው ይወስደዋል። ገበያ በመተማመን ነው የሚሄደው።»

መካኒኩ ሻሂውን አስቀመጠ። ሳቢያን በኩል ትንሽ ጋራዥ አለው። እሱ የተበላው በመግዛት ሳይሆን በመሸጥ ነው። የራሱን ሞተር ጅግጅጋ ላለ ሰው ሸጠ። ሰውየው አልመጣም፤ «ወንድሜ መጥቶ ይወስደዋል፣ ብሩን አሁን እልካለሁ» አለ። ወንድም የተባለው መጣ። ሞተሩን አስነሳ፣ አጠፋ፣ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገ። ሲመሽ የመካኒኩ ስልክ ጮኸ። «ውድ ደንበኛችን» ብሎ ይጀምራል። ብሩ ተጽፏል፣ የሒሳቡ የመጨረሻ ቁጥሮች ተጽፈዋል፣ ቀኑ ሰዓቱ ሁሉ አለ። ቁልፉን ሰጠ። ጠዋት ባንክ ሲሄድ ሒሳቡ እንደ ትናንቱ ነው።

«መልዕክቱ የመጣው ከ09 ቁጥር ነበር» አለ። «የባንክ ቢሆን የባንኩ ስም ነበር ከላይ የሚወጣው። ግን ከላይ ያለውን ማን ያያል? ሰው ዓይኑ ብሩ ላይ ነው።»

ባንክ የምትሠራዋ ልጅ ይህን ታሪክ በየሳምንቱ መስኮቷ ላይ የምትሰማ ይመስላል፤ አልገረማትም። ቴሌብር ከሆነ ከ127 ነው የሚመጣው አለች። ግን ቁጥሩንም ስሙንም ከማየት ይልቅ የራስን መተግበሪያ ከፍቶ ቀሪ ሒሳብን ማየት ይሻላል። ሌላ ሰው የሚያሳይህ የስልክ ፎቶ ደግሞ ፎቶ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ኔትወርክ ከሌለስ? ይጠበቃል። ባንክ ከተዘጋስ? ቁልፉ ኪስ ውስጥ ያድራል። «ሁሌ የሚቸኩሉት ባንክ ሊዘጋ ሲል ነው» አለች።

«እሱ ለሻጭ ነው» አለ ደላላው። «ይሄ ልጅ ገዢ ነው።»

«እሺ፣ ስልክህን አምጣ» አለችው ልጁን።

ሰውየው የላከለትን የሒሳብ ቁጥር መተግበሪያው ላይ አስገባች። ብር አልላከችም። ቁጥሩን ስታስገባ የባለቤቱ ስም ቀድሞ ይወጣል፤ እሱን ነው የፈለገችው። ወጣ። የሴት ስም ነው። ሻጩ ወንድ ነው። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። እኔም አየሁት።

ልጁ ወዲያው ደወለ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሁላችንም ሰማን። «የባለቤቴ ነው» አለ ሰውየው፣ ሳይደናገጥ። «የእኔ ሌላ ባንክ ስለሆነ ነው።»

ደላላው እጁን ዘረጋ። «ይኸው! እኔስ በሚስቴ ሒሳብ አይደል የምጠቀመው?» እውነቱን ነው፤ ስንቱ ሰው እንዲያ ነው የሚጠቀመው።

መካኒኩ ግን የሊብሬውን፣ የሞተሩን የባለቤትነት ደብተር፣ ፎቶ ጠየቀ። ሰውየው ከላካቸው ሥዕሎች መሐል አለ። ሞተር ቁጥሩ ይነበባል፣ ሻንሲ ቁጥሩ ይነበባል፣ ዓመተ ምርቱ አለ። የባለቤቱ ስም ያለበት መስመር ላይ ግን አውራ ጣት ተኝቷል። ጥፍሩ ላይ ግሪስ አለ። መካኒኩ ሥዕሉን በሁለት ጣቱ አሰፋው፣ አሰፋው፤ ግሪሱ ብቻ ተለቀ።

«ደብተሩ እንዳይዘጋ ይዞት ነው» አለ ደላላው።

«ሊሆን ይችላል» አለ መካኒኩ። «ሊብሬው በማን ስም እንደሆነ ጠይቀው።»

ልጁ እንደገና ደወለ። ሰውየው «ያው በእኔ ነው በለው» አለ። ይህቺን «በለው»፣ «እንደዚያ ቁጠረው» ማለቷን፣ እኔ ልብ አላልኳትም። አሁን ሳስበው ነገሩ ሁሉ እሷ ላይ ነበር።

ከዚያ ወሬው ወደ ሕግ ሄደ። ባንከኛዋ ቀብድ ቀላል ነገር አይደለም አለች። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ካፈረሰ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ደላላው ይህን ሲሰማ ደስ አለው፤ «ስለዚህ ልጁ ምን ያስፈራዋል? ከከዳው 60 ሺህ ይቀበላል!»

እስካሁን ዝም ያለው ሽማግሌ ያኔ ነው የገባው። ሸሚንደፈር፣ የድሮው ባቡር ላይ፣ የሠራ ሰው ነው፤ ዕቃ ክፍል። (ለሽማግሌ «አንተ» ስል የሚከፋችሁ ካላችሁ፣ ድሬ መሆናችንን አትርሱ። እዚህ አንቱታ ለእንግዳ ነው።) «ከማን ላይ ነው እጥፉን የሚቀበለው?» አለ። «ከአውራ ጣት ላይ?»

ሳቅን። እሱ ግን አልሳቀም። በእሱ ጊዜ ዕቃ ሲላክ ወረቀት ነበረ አለ። ተቀባይ ወረቀቱን ካላመጣ ዕቃው ከመጋዘን አይወጣም። ማንም ማንንም ማመን አያስፈልገውም፤ መሐል ላይ ባቡሩ አለ። «አሁን መሐል ያለው ማን ነው? የአይሱዙ ሾፌር። እሱ ደግሞ ብትከፍልም ባትከፍልም አያገባውም። መታወቂያ አይጠይቅም፣ ሊብሬ አያይም። ሞተሩ መንገድ ላይ መስታወቱ ቢሰበር፣ ታንከሩ ቢጎድል፣ አንደኛችሁ ሌላኛችሁን ነው የምትከሱት።»

«ታዲያ ምን ይሁን ጋሼ?»

«ሂድ! እግር የለህም?»

ደላላው ሂሳብ ጀመረ። አዳማ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ነው። ትራንስፖርት፣ አልጋ፣ ምግብ፣ የጠፋው የሥራ ቀን። «ርካሽ ብሎ የሄደበት ሞተር ውድ ይሆንበታል» አለ። እዚህ ላይ አልተሳሳተም። ግን እኔ ሒሳቡን የምሠራው ከዚያኛው ጫፍ ነው። የመንገዱን ወጪ መጀመሪያ ዋጋው ላይ ደምረው። ተደምሮም ከቀነሰ ይሄ ሞተር ርካሽ ነው። ካልቀነሰ መጀመሪያውኑ ርካሽ አልነበረም፤ ወጪውን ቀብድ በመላክ ልትሸሸው ነበር እንጂ።

ብሩን እንዴት ይያዝ የሚለው ደግሞ ሌላ ጭቅጭቅ አስነሳ። 180 ሺህ ብር በጆንያ ይዞ አውቶቡስ ላይ? በስልክ እዚያው ይላክ ሲባል የቀን ጣሪያ አለው። ባንከኛዋ ሲፒኦ አሠራ አለችው። ብሩ ከሒሳብህ ተቀንሶ በሻጩ ስም ወረቀት ይሆናል። ሌባ ቢወስደው በስሙ አይደለም። ሞተሩ ካልጣመህ ይዘኸው ትመለሳለህ፣ ባንኩ ሰርዞ ሒሳብህ ላይ ይመልሰዋል። የአገልግሎት ክፍያዋ ትንሽ ናት።

«እኔ ሻጭ ብሆን ወረቀት አይቼ ቁልፍ አልሰጥም» አለ መካኒኩ። አንዴ የተቃጠለ ሰው ነው። «ሐሰተኛ ሲፒኦም አለ።»

«አትስጥ» አለችው። «አብራችሁ እዚያው ባንክ ቅርንጫፍ ትገባላችሁ። መስኮት ላይ ገቢ ይደረጋል፣ ሻጩ ሒሳቡ ላይ ያየዋል። ከዚያ ቁልፍ።» ከዚያ በፊት ግን ውልና ማስረጃ፤ የሽያጩ ውል እዚያ፣ ሁለቱም ባሉበት። ከዚያም በፊት ደግሞ ሞተሩ የተመዘገበበት ትራንስፖርት ቢሮ ሄዶ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት መጠየቅ።

መካኒኩ ለልጁ የራሱን አከለ። መሪው ሥር፣ አንገቱ ላይ የተመታውን ሻንሲ ቁጥር በቤንዚን በራሰ ጨርቅ ጥረገው አለው። ከዚያ በጣትህ ዳብሰው። ፋብሪካ የመታው እኩል ነው፤ እንደገና የተመታ አንዱ ይጠልቃል አንዱ ይንሳፈፋል። ቦሎውን እይ። ዲክላራሲዮኑን፣ የጉምሩክ ወረቀቱን፣ ጠይቅ። እኛ አካባቢ ቀረጥ ያልተከፈለበት ሞተር በርካሽ ይዞራል፤ ኬላ ላይ ሲያዝ የሸጠልህ ሰው ስልክ አያነሳም።

ልጁ ሐሙስ ሄደ። ሽማግሌው በባቡር ሂድ ብሎት ነበር፤ አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ስለሚል በአውቶቡስ ሄደ። ሽማግሌው እስካሁን ቅር እንዳለው ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ተመልሶ መጣ። ያለ ሞተር። ደላላው ገና ከሩቅ ሲያየው «ሌባ ነበር?» አለ፣ ግማሹን ሊያሾፍ ግማሹን ፈርቶ።

አልነበረም። ሰውየው መናኸሪያ ድረስ መጥቶ ተቀብሎታል። ምሳ ጋብዞታል። ሚስቱም መጥታለች፤ ስሟ መተግበሪያው ላይ የወጣው ራሱ ነው። ሻንሲ ቁጥሩ እኩል ነው። ሞተሩ በአንድ ምት ይነሳል፣ ጭስ የለውም። ውልና ማስረጃ ሊገቡ ሲሉ ልጁ ሊብሬውን ገለጠ። አውራ ጣቱ የነበረበት ቦታ ላይ የሌላ ሰው ስም አለ።

ሰውየው ምንም አልደበቀም። የቀድሞው ባለቤት ነው አለ። ሲገዛው ስም አላዛወሩም፤ በውክልና ነው የያዘው። የመሸጥ የመለወጥ ሥልጣን የሚሰጥ፣ ማኅተም ያለው ውክልና። አወጣና አሳየው። ከዚያ ሞተሩን ሲያሞግስ «ነፍሱን ይማረውና እንደ ልጁ ነበር የሚይዘው» አለ።

ልጁ ይህን ሲነግረን ባንከኛዋ ዓይኗን ጨፈነች። ውክልና የሰጠው ሰው ሲሞት ውክልናውም አብሮ ያበቃል። አሁን ሞተሩን መሸጥ የሚችሉት ወራሾቹ ናቸው፤ እነሱም የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት አውጥተው። ሰውየው ይህን አያውቅም ነበር። ከልቡ አያውቅም ነበር። ልጁ ሲነግረው ደርቆ ቀረ አለ።

ደላላው ደረቱን ነፋ። «አላልኳችሁም? ሰውየው ንጹሕ ሰው ነው! እናንተ ሌባ አደረጋችሁት።» መካኒኩ ደግሞ «30 ሺህ ልኮ ቢሆንስ?» ብሎ ጮኸ። ሁለቱም ያሸነፉ መሰላቸውና ክርክሩ እንደ አዲስ ሊጀመር ነበር።

ፍርዱን ከእኔ ካላችሁ፣ ደላላው ስለ ሰውየው ልክ ነበር። ስለ ብሩ ግን ተሳስቷል። እኛም ሌሎቻችን ስለ ብሩ ልክ ሆነን ስለ ሰውየው ተሳስተናል፤ እኔ ራሴ ያን አውራ ጣት ካየሁ በኋላ በልቤ ሌባ ብዬው ነበር። ሰውየው ታማኝ መሆኑ ግን ምን ጠቀመ? ሞተሩ አይሱዙ ላይ ተጭኖ ቢመጣ፣ ቀሪው 150 ሺህ ቢላክ፣ ልጁ ስም ሊያዛውር ሲሄድ ነበር የሟቹን ስም የሚያገኘው። ሻጩም ብሩን ምናልባት ለሌላ ነገር አውሎታል። ያኔ ሁለት ጨዋ ሰዎች ፍርድ ቤት ይገናኙ ነበር። ሊብሬውን መግለጥ፣ ስሙን ከመታወቂያው ጋር ማስተያየት ሌባ ለመያዝ ብቻ መስሎን ነበር።

ስለ ወጪው ልጁን ጠየቅነው። ወደ 6 ሺህ ብር ገደማ ወጥቶበታል። የሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ሲፒኦው አለ፤ ጠርዙ በላብ ለስልሷል። ሰኞ ባንክ ሄዶ ያሰርዘዋል።

ይህን እያወራን ስልኩ ጮኸ። የአዳማው ሰው ነው። የሟቹን ልጆች አግኝቷቸዋል፤ ፈቃደኛ ናቸው፤ ወረቀቱ ግን ጊዜ ይወስዳል። «ሌላ እንዳትገዛብኝ» አለ።

«ሲያልቅ ደውልልኝ» አለው ልጁ። «ቀብድ ግን አልልክም።»

ሰውየው በስልኩ ውስጥ ሲስቅ ሁላችንም ሰማን።