ይድረስ ሳይጠሩት ለሚተካው ፎንት

ጉዳዩ፦ በሰው ስም መቀመጥን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ከፊደላችን በስተቀር ሁላችንም ደህና ነን።

ባለፈው የእድራችንን የስብሰባ ጥሪ ጻፍኩ። አንድ ገጽ ብቻ ነው። ርዕሱ መሃል፣ አጀንዳው ከሥሩ፣ የሊቀመንበሩ ስምና የማህተም ቦታ ከግርጌ ቁልጭ ብሎ። በፍላሽ ይዤ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድኩ። እዚያ ሲከፈት ሁለት ገጽ ሆኖ ቁጭ አለ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሊቀመንበሩ ብቻቸውን ቀርተዋል። ከጎናቸው ማህተም የሚጠብቅ ባዶ ቦታ አለ፤ ሌላ ምንም የለም። ልጁን ብጠይቀው፣ «ጋሼ፣ ፋይሉ እንዲሁ ነው የመጣው» አለኝ።

የእርስዎ ሥራ ነው። እኔ የጻፍኩት ኒያላ በሚባለው ፎንት (የፊደል ቅርጽ) ነበር። እዚያ ማሽን ላይ ኒያላ የለም። ታዲያ ማሽኑ «የለኝም» አይልም፤ ዝም ብሎ እርስዎን ያስቀምጣል። የእርስዎ ፊደል ደግሞ ሰፋ ይላል። ከመስመሩ ጫፍ አንድ ቃል ይገፋሉ፣ የተገፋው ሌላውን ይገፋል፣ እንዲህ እየተባለ የእድር ሊቀመንበር ከገጹ ይባረራሉ። የሚያናድደው የፎንቱ ስም የሚታይባት ቦታ ነች። አሁንም «ኒያላ» ትላለች! ይህ በሰው መታወቂያ ፈተና ከመቀመጥ በምን ይለያል?

ኒያላስ የት ሄደ? ዊንዶውስ ቪስታ ይዞት መጥቶ ነበር። ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ግን «ተጨማሪ» ከሚባሉት ፎንቶች ጋር ተመድቧል። አማርኛ ያልተጨመረበት ማሽን ላይ ላይኖር ይችላል፤ እዚያ የሚገኘው ኤብሪማ ነው። ማክ ደግሞ ከፋ የሚባል የራሱ አለው። ሊኑክስ ላይ ኖቶ ወይም አቢሲኒካ ከተጫነ እሰየው። ምንም ከሌለ አንዳንዱ ፕሮግራም «ሰ»ን ሳጥን ውስጥ ከትቶ 1230 የሚል ቁጥር ይለጥፍበታል። ለየዓለሙ ፊደል ቁጥር የሚመድበው ዩኒኮድ የሰጣት ቁጥር ስለሆነ ስህተት ነው አይባልም። ግን 1230 ብሎ ሰላምታ የሚጀምር ማን ነው?

ያው አንድ ፎንት እንኳ ማክ ላይ ወፈር፣ ዊንዶውስ ላይ ቀጠን ብሎ ይታያል። እሱን ይቅር ብለናል።

እውነቱን ለመናገር ከእርስዎ የባሰም አይተናል። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፈ ፋይል፣ ፎንቱ በሌለበት ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደልና የምልክት ትርምስ ይሆናል። እርስዎ ቢያንስ ይነበባሉ። ጣጣውም ይኸው ነው። ትርምሱን ያየ ሰው ይደነግጣል፣ ማተሙንም ያቆማል። እርስዎን ግን ማንም ልብ ሳይልዎ ሁለት መቶ ኮፒ ይወጣል።

ስለዚህ ከእንግዲህ ደብዳቤያችን ከቤት የሚወጣው በፒዲኤፍ ነው፤ ፎንቱን በሆዱ ይዞ ይሄዳል። ሌላ ሰው የሚያርመው ከሆነ፣ ዎርድ ውስጥ ፎንቱን ከፋይሉ ጋር አብሮ የሚያስቀምጠው አማራጭ ላይ ምልክት እናደርጋለን። እዚያው ሰፈር ማን በማን እንደተተካ የሚያሳይ ሰንጠረዥም አለ። ስምዎን ያገኘሁት ከዚያ ነው፤ ማን ነገረብኝ ብለው እንዳይቸገሩ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለፎቶ ኮፒ ቤቱ ልጅ
ለኒያላ፣ ባሉበት