ቦሎ ሲቃረብ

ዲኤክስ መኪናዬን ቅዳሜ ቅዳሜ አጥባታለሁ። ወንበሯ አዲስ ልብስ ለብሷል። ዳሽቦርዷ ላይ ባለቤቴ የሠራችው ዳንቴል ተነጥፏል። መስታወቷ ላይ መቁጠሪያ ተንጠልጥሏል። የሚታየው ነገሯ ሁሉ ያብረቀርቃል። የማይታየውን ለፈጣሪ ትቼዋለሁ፤ መቁጠሪያውም ለዚሁ ነው።

ከሦስት ወር በፊት ፍሬኗ ማፏጨት ጀመረ። ሬዲዮኑን ከፍ አደረግኩት። ፉጨቱ ወዲያው ጠፋ። እንዲህ ያለ ርካሽ ጥገና የትም አይገኝም። በኋላ መካኒኩ ሲነግረኝ፣ አንዳንድ የፍሬን ሸራ ላይ ትንሽ ብረት አለች አሉ። ሸራው ሲያልቅ ዲስኩን እየፋቀች እንድትጮህ ታስቦ የተሠራች ናት። መሐንዲስ ተጨንቆ ያመጣውን ጩኸት እኔ በምሽት ዜና አፈንኩት።

ባለፈው ቅዳሜ ግን የምርመራና የቦሎ ማደሻዬ ቀን መቅረቡ ትዝ አለኝና ኮፈኗን ከፈትኩ። በእኛ ሰፈር የተከፈተ ኮፈን እንደ ለቅሶ ቤት ነው፤ ያየ ሁሉ ሳይደርስ አያልፍም። መጀመሪያ የደረሱት ጎረቤቴ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር።

«ምን ሆነች?»

«ምንም አልሆነችም። ልያት ብዬ ነው ጋሼ።»

«ምንም ሳትሆን?» አሉና ከእሷ ይልቅ እኔን አዩኝ።

ቀጥሎ አንዱ መጣና «ካንዴላዋ ነው» አለ። ሌላው «ባትሪዋ ነው» አለ። አንድ ወጣት ደግሞ ጆሮው ላይ የሰካውን ሳይነቅል «ሴንሰሯ ነው» አለኝ። የዲኤክሴ ብቸኛ ሴንሰር የእኔ አፍንጫ ነው።

የዘይት መለኪያዋን መዘዝኩ። ጋሼ እጄን ያዙኝ። «የመጀመሪያውን አትመን። ሞተሩ ጠፍቶ ትንሽ ይረፍ፣ ዘይቱ ወደ ታች ይውረድ። ከዚያ ጠርገህ ክተተውና እንደገና ምዘዘው።» ትንሽ ጠበቅን። መጥረጊያ ፈለግን፣ የለም። እሳቸው በመስኮት እጃቸውን ሰደዱና ዳንቴሉን አወጡ። ከዚያ በኋላ ስለ ዘይቱ ብዙም አላስታውስም። ከታችኛው ምልክት በታች እንደነበር ብቻ ትዝ ይለኛል፤ ዓይኔ ዳንቴሉ ላይ ነበር።

ጎማዎቼን በተመለከተ ግን ልቤ ሙሉ ነበር። በ2016 ስገዛቸው ሻጩ ጎማው ጎን ላይ ያለችውን ቁጥር በጣቱ እየነካ አሳይቶኛል፤ 1214። «የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንት ናቸው፣ የመጨረሻዎቹ ዓመት። የ2014 ምርት ነው፤ ገና ሁለት ዓመቱ» አለኝ። እውቀቱ ደስ አለኝ። ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ አወራሁ። «ጎማ ስትገዙ አራቷን ቁጥር አንብቡ» እያልኩ ስንቱን አስተማርኩ።

ነፋስ ላስሞላ ጎሚስታ ቤት ስሄድ ልጁ ቁጥሯን አይቶ ፈገግ አለ።

«ጋሼ፣ ይሄኮ በፈረንጅ ነው።»

ቆሜ ቆጠርኩ። የፈረንጆቹ 2014፣ አሥራ ሁለተኛ ሳምንት። በእኛ መጋቢት 2006። ሻጩ አልዋሸኝም፤ 2014 ነው ያለኝ። የየትኛው አገር እንደሆነ እኔ ነኝ ያልጠየቅኩት።

አሜሪካኖች ሳንቲማቸውን ጎማው ጥርስ ውስጥ ዘቅዝቀው ሰክተው የሊንከን ሙሉ ጭንቅላት ከታየ ጎማው አልቋል ይላሉ። እኔም ባለ አንድ ብር ሳንቲም ሰካሁ። አንበሳው ከነጎፈሩ ተቀምጦ አየኝ። ልጁ በጥፍሩ የጎማውን ስንጥቅ ቧጠጠና «ይሄ ለበረባሶም አይሆንም፤ ጠጠር ያስገባል» አለ።

ድሮ፣ እነዚህን ሳልገዛ በፊት፣ ለምርመራ ቀን የባለቤቴን ወንድም ጎማዎች ነበር የምዋሰው። ጠዋት ገጥሜ አልፋለሁ፣ ማታ ፈትቼ እመልሳለሁ፤ እንደ ሰርግ ሱፍ። አሁንም ሌላ መላ አልታየኝም። እያፈርኩ ደወልኩለት።

«ስማ፣ ስለ ጎማ ነበር...»

«እግዜር ነው ያስደወለህ!» አለኝ ሳልጨርስ። «የኔ ምርመራ ማክሰኞ ነው፣ ጎማዬ ደግሞ መላጣ ሆኗል። ያንተ የ2014 ምርት ነው አላልከኝም?»