ጥበቡ የሸማኔው፣ ደንበኛው የነጋዴው

ለባለ እጅ ሰው በየሥልጠናው አዳራሽ የሚሰጠው ምክር ተመሳሳይ ነው፦ ሙያ አለህ፣ የራስህን ድርጅት ክፈት፣ ሥራ ፈጣሪ ሁን። ምክሩ ክፉ አይደለም። ግን የአዲስ አበባውን የሽሮ ሜዳ ሸማኔ አስቀምጦ ስለ ዲዛይን ማሻሻል ሦስት ቀን ማስተማር ምን ይባላል? ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜ ወይም ከጨንቻ የመጣ፣ ወይም የመጣ አባት ልጅ የሆነ፣ በልጅነቱ ቀሰም ሲሞላ ያደገና ጥለቱን ከነቁጥሩ በቃሉ የያዘ ሰው ሙያ አልጎደለውም። የጎደለው መቆያ ነው።

የሀገር ልብስ ገበያ ዓመቱን ሙሉ እኩል አይሄድም። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚል ሕዝብ የሚገዛውም በዚያው ልክ ነው፤ እንቁጣጣሽ ሲቃረብ፣ ገናና ጥምቀት ሲደርስ፣ ሰርግ ሲበዛ፣ ፋሲካ ሲመጣ። የቤት ኪራይ ግን በየወሩ ነው። ሸማኔው በሰኔና በሐምሌ የሠራውን ኩታ እስከ በዓል ማቆየት ስለማይችል በተገኘው ዋጋ ለነጋዴ ይሰጣል። ነጋዴው አጣጥፎ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጣል፣ ጊዜው ሲደርስ ያወጣል። ትርፉ የመጣው ከመጠበቅ አቅሙና ደንበኛውን ከማወቁ ነው። ነጋዴውን እየረገምኩ አይደለም፤ ቀለሙ ፋሽኑ ያለፈበት ልብስ የሚቀረው እሱ እጅ ላይ ነው፣ ኪሳራውንም የሚችለው እሱ ነው። ነገር ግን «የራስህን ሥራ ጀምር» የሚባለው ሰው ሊወስደው የሚገባው ይህንኑ የነጋዴውን ድርሻ መሆኑን ማንም በግልጽ አይነግረውም።

ሁለተኛው ነገር ሒሳብ ነው። ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ቁጥር እንውሰድ። አንድ ኩታ የ1,500 ብር ክር ፈጀ እንበል፤ በ3,000 ብር ተሸጠ። ብዙ ሸማኔ «1,500 አተረፍኩ» ይላል። ኩታው አምስት ቀን ከወሰደና ለሌላ ሰው ሲሸምን በቀን 300 ብር የእጅ ዋጋ የሚያገኝ ከሆነ ግን ያተረፈው ምንም የለም። የራሱን ደመወዝ ለራሱ ከፈለ፣ በቃ። ክሩን ያዳወረችው ሚስቱ ከታሰበች ደግሞ ከስሯል። ይህን ሒሳብ ያልሠራ ሰው ሱቅ ቢከራይ የሚያድገው ዕዳው ነው።

እዚህ ላይ የጫማ አምራቹ የሶልሬብልስ መሥራች ወ/ሮ ቤተልሔም ጥላሁን ይታወሱኛል። ከ20 ዓመት ገደማ በፊት በዘነበወርቅ ሰፈር ሲጀምሩ የያዙት ምርት አዲስ ግኝት አልነበረም፤ ከአሮጌ ጎማ የሚሠራውን፣ ሁላችንም የምናውቀውን በረባሶ ነው ያነሡት። በሰፈራቸው ፈታይም ሸማኔም ነበረ፣ ሥራ ግን አልነበረም። እሳቸው የተማሩት ሒሳብ አያያዝ ነው። ጫማውን በኢንተርኔት በቀጥታ ለውጭ ገዢ አቀረቡ፣ ስሙንም ይዘው አስመዘገቡ። ታሪካቸው ሲነገር ጎማው ብቻ ይጎላል፤ የሒሳብ መዝገቡን የሚያነሣ ብዙም አልሰማሁም።

ሁሉም ሸማኔ ነጋዴ ይሁን ማለቴ አይደለም። መሸጥ የማይወድ፣ ደንበኛ የሚያሰለቸው፣ ከመወርወሪያው ሌላ የማይፈልግ ሰው አለ፤ መብቱ ነው። እንዲያውም የሚያሳስበኝ ተቃራኒው ነው፤ የተሳካለት ሸማኔ ብዙ ጊዜ ተቀምጦ ከሚሸምንበት ጉድጓድ ወጥቶ ደላላ ይሆናል፣ ጥሩ እጅም እንዲሁ ይቀራል። ስለዚህ ለመሞከር ለሚፈልግ ሰው የምለው፣ የነጋዴውን ትእዛዝ አትተው ነው። አብዛኛውን ሳምንት እሱን ሥራ፣ አንድ ቀን ለራስህ ሸምን፤ የሸመንከውን ለበዓል አቆየው። ዕቁብህ ከበዓል በፊት ባለው ወር እንዲወጣልህ ሳይሆን ገበያው በሚቀዘቅዝበት ክረምት እንዲወጣልህ ተደራደር፤ ገንዘብ የሚያስፈልግህ ያኔ ነው። ፎቶ በቴሌግራም ላክ። ዋሽንግተን ያለች እህት ልኬቷን ልካ ለሰርግ የምታሠራበት ጊዜ ነው፤ መካከል ላይ የሚቆመው ሰው ያለው ስልክና ትዕግሥት ብቻ ነው።

መንግሥትም ከሥልጠና የሚበልጥ ነገር በእጁ አለ። በተንቀሳቃሽ ንብረት የሚሰጥ መያዣን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሣሪያንና ሸቀጥን አስይዞ መበደር እንዲቻል በር ከፍቷል። የተቆለለ ጋቢና ነጠላ ሸቀጥ ነው። አበዳሪው ግን አሁንም የሚጠይቀው የቤት ካርታ ከሆነ ሕጉ ለሸማኔው ወረቀት ነው። የብድሩ መመለሻ ከጥምቀት በኋላ ቢሆን፣ ወለዱም የክረምቱን መቆያ ብቻ ቢያሰላ፣ አንድም አዲስ ሥልጠና ሳይሰጥ ብዙ ሰው ይጠቀማል።

አንድ ነገር ልጨምር። ዳግማዊ ምኒልክ በዘመናቸው ማብቂያ ገደማ ባለ እጁን በሥራው የሚሰድበውን በአዋጅ ገሥጸዋል፤ ያኔ ሸማኔ መባል ስድብ ነበር። ዛሬ ስድቡ ቀንሷል፣ ስሙ ግን ቀሚሱ ላይ የለም። አንገቱ ላይ የሚሰፋው የዲዛይነሩ ስም ብቻ ነው። ከሥሩ የሸማኔውን ስምና ስልክ መጨመር አዋጅም በጀትም አይጠይቅም፤ ዲዛይነሮቻችን ከሚቀጥለው ትእዛዝ ጀምሮ ሊያደርጉት ይችላሉ። ደንበኛዬን ይወስድብኛል ብለው የሚፈሩ እንደሚኖሩ አውቃለሁ። ይውሰድ።